በቻይና ፍልሰተኛ ሠራተኞች የአእምሮ ጤና ላይ የተካሄዱ ጥናቶች፦ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ባለፉት አርባ ዓመታት በቻይና ከገጠር ተነሥቶ ለሥራ ወደ ከተማ የተመመው ሕዝብ ብዛት በሰው ልጅ ታሪክ አቻ የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገሪቱ የስታትስቲክስ ቢሮ በሚያወጣው ዓመታዊ ዘገባ መሠረት በ2010 ወደ 242 ሚሊዮን ይጠጉ የነበሩት እነዚህ ሠራተኞች በ2023 ከ297 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ከእነዚህም ውስጥ 176 ሚሊዮን የሚሆኑት የትውልድ ቀበሌያቸውን ለቀው ሌላ ሥፍራ የሚሠሩ ናቸው። የቀሩት እዚያው በአካባቢያቸው ከእርሻ ውጭ በሆነ ሥራ የተሰማሩ ናቸው።

ይህን ያህል ሕዝብ ከቀዬው ሲነቀል በአእምሮው ጤና ላይ ምን ይደርስበታል? የሥነ አእምሮ ሐኪሞች፣ የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችና የሥነ ኅብረተሰብ ተመራማሪዎች ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ ደክመዋል። ይሁን እንጂ የጥናቶቹ ብዛት መልሱን አንድ አላደረገውም። ከፊሎቹ የፍልሰተኛው ጤንነት ከሌላው ሕዝብ የከፋ መሆኑን ሲያስረዱ፣ ከፊሎቹ ደግሞ የተለየ ችግር እንደማይታይበት፣ እንዲያውም ከከተማው ነዋሪ የተሻለ መሆኑን ይገልጻሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አለመስማማት ከየት እንደመነጨ መመርመር ነው። ጠቅላላ ሐሳቡም የሚከተለው ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች «ስንቱ ታመመ?» ብለው ወደ መቁጠር ከመሄዳቸው በፊት ሦስት ነገሮችን አጥርተው አልጠየቁም። መልስ የሚሰጠው ማን ነው? የሚነጻጸረው ከማን ጋር ነው? የሰጠውስ መልስ በኑሮው ውስጥ ምን ማለት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የባለሙያዎች ጭቅጭቅ ብቻ ተደርገው መታየት የለባቸውም። በመልሳቸው ላይ የሠራተኛው ሕክምና፣ ደመወዝና ክብር ይወሰናልና።

1. የጉዳዩ መነሻ

ጥናቶቹን ለመረዳት አስቀድሞ የፍልሰቱን ሕጋዊ መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። በጥር 1958 በወጣው የቤተሰብ ምዝገባ ደንብ፣ በቻይንኛው ስም «ሁኮው» በሚባለው ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ዜጋ በተወሰነ ሥፍራ የገበሬ ወይም ገበሬ ያልሆነ ነዋሪ ተብሎ ተመዘገበ። የምግብ ራሽን፣ የልጆች ትምህርት፣ ሕክምናና ጡረታ ከዚህ መዝገብ ጋር ተያያዙ። ከ1978 የኢኮኖሚ ለውጥ በኋላ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ፋብሪካዎች ጉልበት ፈላጊ ሲሆኑ ገበሬው ወደ ከተማ ገብቶ እንዲሠራ ተፈቀደለት፤ መዝገቡ ግን በተወለደበት መንደር ቀረ። «ኖንግሚንጎንግ» የሚለው የቻይንኛ ስያሜ ቃል በቃል ሲተረጎም «ገበሬ ሠራተኛ» ማለት ሲሆን፣ ሰውየው በሥራው የከተማ፣ በመዝገቡ የገጠር መሆኑን በአንድ ቃል ይገልጻል። በ2014 መንግሥት የገበሬና የገበሬ ያልሆነ የሚለውን ልዩነት ለማስቀረት ቢወስንም፣ በታላላቆቹ ከተሞች መዝገብ ውስጥ መግባት አሁንም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው።

የዚህ ሥርዓት ውጤት በሕክምናው ረገድ ጎልቶ ይታያል። በ2003 የተጀመረው የገጠር የኅብረት ሥራ ሕክምና ዋስትና ገንዘብ የሚመልሰው በዋናነት ታማሚው በተመዘገበበት አውራጃ ሲታከም ነበር። ከ2016 ጀምሮ ይህ ዋስትና ከከተማ ነዋሪዎች ዋስትና ጋር እንዲዋሐድ ተደርጓል። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ግን በከተማ የታመመ ሠራተኛ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ወይ ከኪሱ ከፍሎ ይታከማል፣ ወይ ወደ መንደሩ ይመለሳል። ይህ ነጥብ በአራተኛው ክፍል ለሚነሣው ክርክር መሠረት ስለሆነ ከወዲሁ ልብ ሊባል ይገባል።

2. የመጠይቁ ነገር

በፍልሰተኛ ሠራተኞች ላይ በተካሄዱት የቻይና ጥናቶች ውስጥ በብዛት የተሠራበት መሣሪያ ዘጠና ጥያቄዎች ያሉት የምልክቶች መዘርዝር ነው። ይህን መጠይቅ አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ሌናርድ ዴሮጋቲስ በ1973 አቀረበው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ወደ ቻይንኛ ተተረጎመ። ተጠያቂው ባለፉት ሰባት ቀናት ውስጥ እያንዳንዱ ምልክት ምን ያህል እንዳስቸገረው በአምስት ደረጃ ያመለክታል። መልሶቹም የሥጋ ሕመም፣ ድብርት፣ ጭንቀት፣ ጠበኝነት፣ ተጠራጣሪነት በመሳሰሉ ዘጠኝ ዘርፎች ይደመራሉ። መጠይቁ ርካሽ ነው፤ ሐኪም አይጠይቅም፤ በአንድ አዳራሽ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊታደል ይችላል። ተወዳጅ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄዎቹ በሠራተኛው ኑሮ ውስጥ ሲነበቡ ነው። የሥጋ ሕመም ዘርፍ ስለ ወገብ ሕመም፣ ስለ ጡንቻ መዛል፣ ስለ እጅና እግር መክበድና መደንዘዝ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ የተሰናዱት የአእምሮ ጭንቀት በሥጋ ላይ ሲገለጽ ለመያዝ ነው። በመገጣጠሚያ ጠረጴዛ ፊት በቀን አሥራ አንድና አሥራ ሁለት ሰዓት ለቆመ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ስሚንቶ ለተሸከመ ሰው ግን የወገብ ሕመም የሥራው ዋጋ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ቢያገኝ መጠይቁ የለካው ጭንቀቱን ይሁን ሸክሙን በነጥቡ ብቻ መለየት አይቻልም።

የተጠራጣሪነት ዘርፍ ከዚህም የባሰ ነው። ሰዎች እንደማይታመኑ፣ ላከናወነው ሥራ ተገቢ ዋጋ እንዳልተሰጠው፣ ቢመቻቸው ሌሎች ሊጠቀሙበት እንደሚፈልጉ፣ ሌሎች እንደሚመለከቱትና እንደሚያሙት የሚሰማው መሆኑን ተጠያቂው ይጠየቃል። በሆስፒታል ክፍል ውስጥ እነዚህ ስሜቶች የበሽታ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በቻይና የሕንፃ ሥራ ዘርፍ ደመወዝ ለወራት፣ አንዳንዴም እስከ ዓመቱ መጨረሻ መያዝ የተለመደ ነበር። ነገሩ እጅግ ከመክፋቱ የተነሣ በ2003 ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባኦ በቾንግቺንግ አካባቢ አንዲት ገበሬ ሴት ስለ ባሏ ያልተከፈለ ደመወዝ ቢያመለክቷቸው ራሳቸው ጣልቃ ገብተው አስከፍለዋል። በግንቦት 2020ም የፍልሰተኛ ሠራተኞችን ደመወዝ አከፋፈል ብቻ የሚመለከት ልዩ ደንብ በሥራ ላይ ውሏል። መንግሥት ደንብ ያወጣለት በደል በመጠይቁ ላይ የተጠራጣሪነት ነጥብ ሆኖ ሲመዘገብ፣ ሠራተኛው የተናገረው እውነት በሽታ ተብሎ ይቆጠርበታል ማለት ነው።

የሰባት ቀኑ ገደብም ሌላ እንከን ያመጣል። የደመወዝ ሒሳብ በሚዘጋበት፣ ሁሉም ለአዲስ ዓመት በዓል ወደ አገሩ ለመሄድ በሚጣደፍበት ሳምንት የተሞላ መጠይቅና፣ ከበዓሉ መልስ ሥራ በተጀመረበት ወር የተሞላ መጠይቅ አንድ ዓይነት ነገር ሊለኩ አይችሉም። ይህም ሆኖ ብዙዎቹ ጥናቶች መጠይቁ በየትኛው ወቅት እንደተሞላ ለትርጉማቸው አይጠቀሙበትም።

ይህ ሲባል መጠይቁ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ለቅድመ ማጣሪያ ጠቃሚ ነው። አንድ ሰው ከፍተኛ ነጥብ ሲያገኝ ሐኪም ሊያነጋግረው እንደሚገባ ያመለክታል። ስሕተቱ የማጣሪያውን ውጤት የምርመራ ውጤት አድርጎ መውሰዱ ላይ ነው። በዚህ መንገድ «ከሠራተኞቹ ይህን ያህሉ የአእምሮ ችግር አለበት» የሚል ዐረፍተ ነገር ከጥናት ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ ሕዝብ አፍ ይሸጋገራል።

3. የሚነጻጸረው ከማን ጋር ነው?

የአንድ ቡድን ነጥብ ከፍተኛ ወይም ዝቅተኛ የሚባለው ከሌላ ነጥብ ጋር ሲተያይ ነው። በቻይና ለብዙ ዓመታት ማነጻጸሪያ ሆኖ ያገለገለው በ1986 የወጣው የ1,388 ጤነኛ ሰዎች አማካይ ውጤት ነው። ውጤቱ በወጣበት ዘመን አብዛኛው የከተማ ሠራተኛ በመንግሥት ድርጅት የዕድሜ ልክ ሥራ የነበረው፣ ታላቁም ፍልሰት ገና በጅምር ላይ ያለ ነበር። ሃያና ከዚያ በላይ ዓመታት ካለፉ በኋላ የአንድን የፋብሪካ ወጣት ነጥብ ከዚያ ትውልድ አማካይ ጋር ማስተያየት ሁለት ነገሮችን ያደባልቃል፤ በፍልሰት የመጣውን ለውጥና በዘመን የመጣውን ለውጥ። በጊዜው የከተማው ተወላጅ ቢለካ እርሱም ከ1986ቱ አማካይ ሊርቅ ይችል ነበር።

በ2013 ባኦሊያንግ ዦንግና ባልደረቦቹ በዚሁ መጠይቅ የተሠሩትን ጥናቶች አሰባስበው በአንድነት በመረመሩ ጊዜ፣ ፍልሰተኛ ሠራተኞች ከጠቅላላው ሕዝብ ማነጻጸሪያ የበለጠ የምልክት ነጥብ እንዳላቸው አሳይተዋል። ሥራው በተበታተነ ሁኔታ ይገኝ የነበረውን ማስረጃ በአንድ ላይ በማቅረቡ ሊመሰገን ይገባል። ይሁን እንጂ ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲደመሩ የሚቀንሰው የአጋጣሚ ስሕተት ነው። ሁሉም የሚጋሩት የማነጻጸሪያ ጉድለት ካለ ግን ከድምሩ ጋር አብሮ ይሄዳል።

ከዚህ በተለየ መንገድ የተሄደበት ጥናት በ2007 ታትሟል። በምሥራቅ ቻይና በዠጂያንግ ክፍለ ሀገር የሠሩት ሊ ሉና ባልደረቦቹ ፍልሰተኞችን ከሁለት ሕያው ቡድኖች፣ ማለትም በዚያው ዘመን ከነበሩ የከተማ ነዋሪዎችና ገጠር ከቀሩ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። የደረሱበትም ድምዳሜ በዚያ አካባቢ ያሉት ፍልሰተኞች ለአእምሮ ጤና መጓደል በተለየ ሁኔታ የተጋለጡ አይደሉም የሚል ነበር። አንባቢ ከዚህ ላይ «እንግዲያው የቱ ጥናት እውነቱን ተናገረ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ሁለቱም ለየራሳቸው ጥያቄ እውነቱን ተናግረዋል የሚል ነው። የመጀመሪያው የዛሬውን ሠራተኛ ከትናንቱ ዜጋ ጋር አስተያየ። ሁለተኛው የሄደውን ከቀረው፣ እንግዳውንም ከነባሩ ጋር በአንድ ዘመን አስተያየ። ለፖሊሲ የሚጠቅመው ሁለተኛው ዓይነት ንጽጽር ነው። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ቀጥሎ ከተመለከተው ችግር ነጻ አይደለም።

4. የተቆጠሩትና ያልተቆጠሩት

በፋብሪካ መኝታ ቤት ወይም በሕንፃ ሥራ ሥፍራ መጠይቅ የሚሞላ ሰው ሦስት ወንፊቶችን ያለፈ ነው። በመጀመሪያ ከመንደሩ ለመውጣት ጉልበትና ድፍረት ነበረው። ቀጥሎም ሥራ አግኝቷል። በመጨረሻም መጠይቁ እስከታደለበት ቀን ድረስ ሥራው ላይ ቆይቷል። በየወንፊቱ የቀረው ሰው በናሙናው ውስጥ የለም።

ይህን ግምት በማስረጃ ያጠናከረው የያኦ ሉና የሊጂያን ቺን የ2014 ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሰዎችን በጊዜ ሂደት በመከታተል፣ ጤነኞቹ ለመፍለስ የበለጠ ዕድል እንዳላቸው፣ ጤናቸው የጎደለባቸው ደግሞ የመመለስ ወይም በቅርብ ሥፍራ የመቅረት ዝንባሌ እንዳላቸው አሳዩ። የመመለሱን ክስተት የዘርፉ ጸሐፊዎች ሊሞት ሲል ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ በሚመለሰው የሳልሞን ዓሣ ስም ይጠሩታል። በቻይና ግን ይህ ተፈጥሯዊ ዝንባሌ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይችልም። ከላይ እንደተገለጸው ምዝገባውና የሕክምና ዋስትናው ታማሚውን ወደ መንደሩ የሚገፉ ነበሩ። በመሆኑም ከተማው ጤነኛውን ጉልበት ሲወስድ፣ ሕመሙን የተሸከመው ገጠሩ ሆኗል። በከተማ የሚካሄድ ቆጠራም የከተማውን ውጤት አሳምሮ ያቀርባል።

የተመላሹ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የበለጠ ክብደት አለው። በ2010 የፍልሰተኞቹ አማካይ ዕድሜ 35.5 ዓመት ነበር፤ በ2023 ወደ 43.1 ከፍ ብሏል። በ2023 ከመቶው 30.6 የሚሆኑት ከሃምሳ ዓመት በላይ ናቸው። በወጣትነቱ የተጠናው ሠራተኛ አርጅቶ ጉልበቱ ሲደክም ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው ሆስፒታል እንደሚታይ የሚከታተል ጥናት ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞላ መጠይቅ ይህን ሊያሳይ አይችልም።

በሌላ በኩል በጉዞው መካከል የሚወድቁም ነበሩ። ለበዓል የሚጓዙት ባቡሮች እጅግ በሚጨናነቁበት ዘመን፣ ለቀናት ሳይተኛ፣ በወጉ ሳይበላና ሳይጠጣ፣ የዓመቱን ደመወዝ በወገቡ ታጥቆ ሌባ እየፈራ የሚጓዝ ሰው በድንገት አእምሮው ሲታወክ የቻይና ሐኪሞች በተደጋጋሚ አይተዋል። ሕመሙ «የጉዞ የአእምሮ መታወክ» በሚል ስም በ2001 በወጣው የአገሪቱ የአእምሮ ሕመሞች አመዳደብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ተካቷል። ዕረፍትና እንቅልፍ ሲያገኝ አብዛኛው ሰው በአጭር ጊዜ ውስጥ ይሻለዋል። ይህ መግለጫ በዘርፉ ከተጻፉት ሁሉ ለሠራተኛው ኑሮ ቅርብ ከሆኑት አንዱ ነው ማለት ይቻላል፤ የሕመሙን ምክንያት በባቡሩ፣ በእንቅልፍ እጦቱና በደመወዙ ውስጥ ይፈልጋልና።

ያልተቆጠሩትን መቁጠር ግን ሁልጊዜ የፍልሰትን ጉዳት የሚያጎላ ውጤት አያመጣም። ማይክል ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በ2002 በላንሴት መጽሔት ባወጡት ጥናት ከ1995 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት በቻይና ከመቶ ሺህ ሰው 23 ያህሉ በየዓመቱ ራሱን እንደሚያጠፋ፣ የገጠሩ መጠን የከተማውን ሦስት እጥፍ እንደሚሆን፣ ከወንዶች ይልቅም በሴቶች ላይ እንደሚበረታ ገለጹ። ከዚያ ወዲህ መጠኑ በእጅጉ ቀንሷል። የጺንግኋ ዩኒቨርሲቲው ጂንግ ጁንና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ለመቀነሱ አንዱ ምክንያት የገጠር ሴቶች ወደ ከተማ መፍለሳቸው እንደሆነ ተከራከሩ። ወጣቷ ከመንደር ስትወጣ ከአማትና ከባል ጋር ከሚነሣ ጠብ፣ ከበታችነትም፣ በቤት ውስጥ በቅርብ ከሚገኘው የፀረ ተባይ መርዝም ትርቃለች። እንግዲህ ያው ፍልሰት በመጠይቁ ላይ ጭንቀቷን ሲጨምር ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል። የምልክት ነጥብ ብቻ የሚያይ ተመራማሪ ይህን ሁለተኛ ውጤት ጨርሶ አያየውም።

5. የሕመሙ ስም

የምርመራ ስያሜም ራሱ የቆመበት መሬት እንዳለው የሚያስረዳ አንድ የቆየ ጥናት አለ። አሜሪካዊው ሐኪምና የሥነ ሰብእ ምሁር አርተር ክላይንማን በ1980 በቻንግሻ ከተማ በሁናን የሕክምና ኮሌጅ «የነርቭ ድካም» የተባለ ሕመም ያለባቸውን 100 ታማሚዎች መረመሩ። በአሜሪካው አመዳደብ 87ቱ ከባድ ድብርት ያለባቸው ሆነው ተገኙ። ክላይንማን ግን «የቻይና ሐኪሞች ተሳስተዋል» በሚል ድምዳሜ አልቆሙም። የድብርት መድኃኒት ሲሰጥ የብዙዎቹ ምልክቶች ቢቀንሱም፣ በሥራ ቦታና በቤተሰብ ያለው ችግር እስካልተፈታ ድረስ ታማሚዎቹ ራሳቸውን እንደዳኑ እንደማይቆጥሩ አስተዋሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በባህል አብዮቱ ዘመን መከራ ያዩ ነበሩ። የራስ ምታቱና ድካሙ በቃል ሊነገር ያልቻለውን የሚናገሩበት መንገድ ነበር።

አገር አቀፍ ቁጥሮችም ከመሣሪያው ጋር ይለዋወጣሉ። በ2009 ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በአራት ክፍላተ ሀገር ባደረጉት ሰፊ ጥናት ከአዋቂዎች 17.5 በመቶው በአንድ ወር ውስጥ የአእምሮ ሕመም እንደነበረበት አስታወቁ። በ2019 ደግሞ 32,552 ሰዎችን የሸፈነ አገር አቀፍ ጥናት በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ የታመመውን፣ የእርጅና የአእምሮ መዳከምን ሳይጨምር፣ 9.3 በመቶ አደረገው። የአንድ ወሩ ከዓመቱ መብለጡ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ሁለቱ ጥናቶች በተለያየ አካባቢ፣ በተለያየ የአጠያየቅ ዘዴ የተካሄዱ ናቸው። ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ይነጻጸራል የሚባለው ፍልሰተኛ ከየትኛው ቁጥር ጋር እንደሚተያይ ሳይገለጽ የሚቀርብ ድምዳሜ ስለዚህ ጽኑ መሠረት የለውም። የ2009ኙ ጥናት ግን አንድ አከራካሪ ያልሆነ ነገር አሳይቷል፤ ሕመሙ ከተገኘባቸው ሰዎች የባለሙያ እርዳታ ፈልገው የሚያውቁት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

6. ከግለሰቡ እስከ ፋብሪካው

በ2010 በኤሌክትሮኒክስ አምራቹ በፎክስኮን የቻይና ፋብሪካዎች፣ በተለይም በሸንዠን፣ 18 ወጣት ሠራተኞች ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው 14ቱ ሞቱ። በዚያን ጊዜ ከተሰነዘሩት አስተያየቶች አንዱ፣ ከብዙ መቶ ሺህ ሠራተኞች መካከል የሞቱት ቁጥር ከአገሪቱ አማካይ ያነሰ ነው የሚል ነበር። ሒሳቡ ትክክል ቢመስልም ማነጻጸሪያው የተሳሳተ ነው። የአገሪቱ አማካይ የገጠር ሽማግሌዎችንና በሽተኞችን ይጨምራል። በፋብሪካው ያሉት ግን ሦስቱን ወንፊት ያለፉ ጤነኛ ወጣቶች ናቸው። በተጨማሪም በአንድ ሥፍራ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በተመሳሳይ መንገድ የደረሰን ሞት በአማካይ መዳኘት ነገሩን ያደበዝዘዋል።

በግንቦት 2010 ዘጠኝ ቻይናውያን የሥነ ኅብረተሰብ ምሁራን ባወጡት ግልጽ ደብዳቤ ጉዳዩ ወደ መንደር መመለስ ከማይችል፣ በከተማም ሥር መስደድ ካልተፈቀደለት አዲስ ትውልድ ሁኔታ ጋር የተያያዘ መሆኑን አስገነዘቡ። በኩባንያው በኩል የምክር መስመር ተከፈተ፣ በሕንፃዎቹ ዙሪያ መረብ ተዘረጋ፣ ደመወዝም ጨመረ። ከእነዚህ እርምጃዎች መካከል መረቡ የሚያሳየው የችግሩን ሥፍራ ከሰውየው ውድቀት በታች የፈለገ አስተሳሰብ ነው። የደመወዙ ጭማሪ ደግሞ፣ ቢያንስ በከፊል፣ ሥፍራው ከፍ ብሎ እንደሚገኝ መታመኑን ያሳያል።

በዚህ ረገድ የፑን ንጋይ ሥራ ከመጠይቅ ጥናቶች የተለየ ብርሃን ይሰጣል። ምሁሯ በ1995 እና በ1996 በሸንዠን አንድ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካ ውስጥ ከሴት ሠራተኞች ጋር እየሠሩና እየኖሩ ያጠናቀሩትን በ2005 በመጽሐፍ አወጡ። ከገለጿቸው መካከል በመኝታ ቤት ሌሊት በእንቅልፏ የምትጮህ አንዲት ወጣት ትገኛለች። ያቺ ልጅ መጠይቅ ቢሰጣት በየትኛው ዘርፍ እንደምትመዘገብ መገመት አያስቸግርም። ፑን ንጋይ ጩኸቱን ከፈረቃው ርዝመት፣ ከቤተሰቧና ከሕይወት ታሪኳ ጋር አያይዘው ስላቀረቡት አንባቢው የሚረዳው ሰው ይሆናል እንጂ ነጥብ አይሆንም። ጉድለት የለውም ማለት ግን አይቻልም። ከአንድ ፋብሪካ የተገኘ ገለጻ ስለ ሚሊዮኖች ብዛት ሊናገር አይችልም፤ ጩኸቱን ተቃውሞ አድርጎ መተርጎምም ሕክምና የሚያስፈልጋትን ሴት ችግር ሊሸፍን ይችላል። ሁለቱ ዘዴዎች ተደጋግፈው መሥራት የሚገባቸው ለዚህ ነው።

7. የቀሩት ልጆች

ለመምህራን ይበልጥ ቅርብ የሆነው ጉዳይ ወላጆቻቸው ሄደው እነርሱ በመንደር የቀሩት ልጆች ነገር ነው። በ2013 በወጣ የመላው ቻይና ሴቶች ፌዴሬሽን ዘገባ ቁጥራቸው 61 ሚሊዮን ነበር። በ2016 የሲቪል ጉዳዮች ሚኒስቴር 9.02 ሚሊዮን ናቸው አለ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሃምሳ ሚሊዮን ልጆች ወላጆቻቸውን አላገኙም፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው። የፊተኛው ከአሥራ ስምንት ዓመት በታች ሆነው አንድ ወላጅ እንኳ የሄደባቸውን ሲቆጥር፣ የኋለኛው ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች ሆነው ሁለቱም የሄዱባቸውን፣ ወይም አንዱ ሄዶ የቀረው ማሳደግ የማይችልባቸውን ብቻ ቆጠረ።

በ2018 በላንሴት የወጣ፣ 111 ጥናቶችን ያሰባሰበና ከእነርሱም 91ዱ በቻይና የተካሄዱ ሥራ፣ ከወላጅ ተለይተው የቀሩ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ለድብርት በ52፣ ለጭንቀት በ85፣ ራስን ለማጥፋት ለማሰብ በ70 በመቶ የበለጠ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል። ይህ ውጤት ከላይ ከተነሣው ነጥብ ጋር ይገናኛል። የፍልሰት ዋጋ የሚከፈለው በፈለሰው ሰው ላይ ብቻ አይደለም። በከተማ ያለችው እናት በመጠይቁ ጤነኛ ሆና ስትገኝ፣ ዋጋውን በገጠር ትምህርት ቤት የተቀመጠ ልጇ ሊከፍል ይችላል።

8. ለአገራችን የሚኖረው ትምህርት

የተተረጎመ መጠይቅ የሚያመጣው ችግር ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሆላንዳዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ፍራንክ ኮርትማን በአዲስ አበባ የዓለም የጤና ድርጅት መጠይቅ የተሞከረበትን ሁኔታ መርምረው በ1990 ባወጡት ጽሑፍ፣ ጥያቄዎቹ አዘጋጆቹ ካሰቡት በተለየ መንገድ እየተተረጎሙ ውጤቱን እንደሚያዛቡ አመልክተዋል። በሌላ በኩል ከ2013 መጨረሻ አንሥቶ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ እንዲመለሱ ከተደረገ ወዲህ፣ በአገራችን የአጥኚዎች ዓይን በብዛት ያረፈው በተመላሾች ላይ ነው። በቻይና ጥናት የሚጎድለው ተመላሹ ሲሆን፣ በእኛ የሚጎድለው በዚያው ያለው ሠራተኛ ነው። የወንፊቱ አቅጣጫ ቢለያይም ጉድለቱ አንድ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ የተዘረዘረው የጥናቶቹን ድካም ለማቃለል የቀረበ አይደለም። ያለ እነርሱ የፍልሰተኛው ጭንቀት ጨርሶ አይነሣም ነበር። ሆኖም ወደፊት የሚካሄዱ ጥናቶች ሊያሟሏቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። ሠራተኛውን በአንድ ቀን ከመጠየቅ ይልቅ ከመንደሩ እስከ ከተማ፣ ከከተማም እስከ መመለሻው መከታተል፤ በዘመኑ ካሉ ቀሪዎችና ነባሮች ጋር ማነጻጸር፤ በማጣሪያ የተገኘውን በሐኪም ምርመራ ማረጋገጥ፤ የሥራ ሰዓቱን፣ የደመወዙን ሁኔታና መጠይቁ የተሞላበትን ወቅት ከነጥቡ ጎን መመዝገብ ያስፈልጋል።

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የፈተናና የምዘና ትምህርት የሚከታተሉ ዕጩ መምህራንም ከዚህ የሚቀስሙት አለ። ነገ በክፍላቸው ውስጥ የተማሪን ዝምታ፣ ቁጣ ወይም እንቅልፍ በቅጽ ላይ ምልክት እንዲያደርጉ ይጠየቁ ይሆናል። ምልክቱን ከማድረጋቸው በፊት ልጁ ትናንት ማታ የት እንዳደረ፣ እናቱስ የት እንዳለች መጠየቅ የሥራቸው ክፍል መሆኑን ሊያውቁ ይገባል። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በቻይናው ሠራተኛ ላይ ግን የታየው ሌላ ነው፤ እርሱ የወገቡን ሕመምና የደመወዙን መያዝ አልሸሸገም፤ በተሰጠው ቅጽ ላይ አንድ በአንድ ሞልቶ አስረክቧል። የሚቀረው ያስረከበውን በትክክል ማንበብ ነው።